ለጣቴ አልታዘዝ ያለኝ ኮምፒዩተር

እንደ እኔ የቤቱንም የውጭውንም ሥራ ይዛችሁ የምትሮጡ እህቶቼ፤ ዛሬ የማጫውታችሁ በገዛ ቤቴ ስለ ፈጸምሁት በደል ነው።

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ እንደ መሆኔ የአባላቱን መዋጮ የምመዘግበው በላፕቶፕ ነው። ባለፈው ወር፣ ለእሑድ ስብሰባ የሚቀርበውን ሒሳብ ለመዝጋት ቅዳሜ ማታ ብቀመጥ፣ ከፊደሎቹ በታች ያለው ጣት የምናንሸራትትበት ሰሌዳ፣ ታችፓድ የሚሉት፣ በድን ሆነብኝ። ቀስቷ ንቅንቅ አልል አለች። አጠፋሁት፤ አበራሁት፤ ያው ነው።

በቤት ሥራ የምታግዘኝ ልጅ ጠዋት ጠረጴዛውን ስትወለውል አይቼ ነበርና ጠራኋት። «በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽ ውሃ አስገባሽበት፤ ማሠሪያውን ከደመወዝሽ ነው የምቆርጠው!» አልኋት። «እትዬ፣ በደረቅ ጨርቅ ነው የጠረግሁት» ብትለኝም አላመንኋት። ከደመወዟ እኩሌታውን በየወሩ ለእናቷ እንደምትልክ እያወቅሁ ነው ይህን ያልሁት።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ የጎረቤቴን ልጅ አስጠራሁ። ማውስ ይዞ መጥቶ ቢሰካው ቀስቷ ሮጠች። «ኮምፒዩተሩ ደኅና ነው» አለና የላይኛውን ረድፍ ቁልፎች አንድ በአንድ አየ። ከነሱ በአንዱ ላይ የሰሌዳው ምስል ተሰርዞ ተስሏል። እርሱን ቢጫነው ሰሌዳው ነፍስ ዘራ። (በአንዳንዱ ኮምፒዩተር ኤፍ ኤን የሚለውን ቁልፍ አብሮ መጫን ያስፈልጋል።) «ተዘግቶ ነው እንጂ አልተበላሸም። ሲጠረግ በርቶ ነበር እንዴ?» ሲለኝ አፈርሁ። ዐርብ ማታ ሳላጠፋ፣ ሳልከድን ትቼው ያደርሁት እኔ ነኝ። ጨርቁ ሲያልፍ ቁልፉን ተጭኖት ኖሯል።

ልጁ ሌላም ነገረኝ። ሰሌዳው የሚያነበው የጣትን ጉልበት አይደለም፤ ጣት ሲነካው በውስጡ ያለው ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚያሳየውን ለውጥ ነው። ስለዚህ ከእቃ እጥበት የተነሣ እርጥብ እጅ ያደናግረዋል፤ ጓንት ያጠለቀ ጣትም አይታወቀውም። ቻርጅ ላይ ሳለ ብቻ ቀስቷ የምትቅበዘበዝ ከሆነ፣ የመሬት ሽቦ የሌለው ሶኬት ሊሆን ስለሚችል ነቅሎ በባትሪ መሞከር ነው። ማውስ ሲሰካ ሰሌዳው በራሱ እንዲዘጋ የተደረገም አለ። አንዱን ግን አደራ እላችኋለሁ፦ ሰሌዳው ወደ ላይ ካበጠ ወይም አልጫን ካለ፣ ከሥሩ ያለው ባትሪ አብጦ ይሆናልና፣ እሳት እንዳያስነሣ ሳትጫኑት አጥፍታችሁ ለባለሙያ አሳዩት።

የዚያኑ ማታ ልጅቱን ይቅርታ ጠየቅኋት። «ምንም አይደል እትዬ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ቤቱን ሁሉ ወልውላ እጠረጴዛው ዘንድ ስትደርስ ትመለሳለች። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ፤ አጥፍቼ።