በሁለት ቋንቋ መካከል

ነገሌ ቦረና በተማርኩበት መድረሳ ኪታቡ ዐረብኛ፣ የኡስታዙ ማብራሪያ ኦሮምኛ ነበር። በመንግሥት ትምህርት ቤትም መጽሐፉ እንግሊዝኛ ሲሆን አስተማሪው በኦሮምኛ ያስረዳን ነበር። ኮምፒውተርም እንዲህ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልገው ያወቅሁት ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው።

ባዮስ ማዘርቦርድ ላይ የሚቀመጥ ነባር ፕሮግራም ነው። በዶስ ዘመን ስክሪን ላይ ፊደል ለማሳየት ኢንተረፕት 10 ሄክስ፣ ዲስክ ለማንበብ 13 ሄክስ ተብሎ ይጠራል። የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው የ8086 ፕሮሰሰር ደንብ ነው፤ ሜሞሪው ከ1 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም።

በ1982 የወጣው 80286 ፕሮቴክትድ ሞድን አመጣ። አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ሜሞሪ እንዳይነካ ጥበቃ ተደረገ፤ የኢንተረፕቱም ሰንጠረዥ ተቀየረ። 10 ሄክስ በእኛ አቆጣጠር 16 ነው። በአዲሱ ሞድ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ቁጥር 16ን የሚጠቀምበት በሂሳብ ክፍሉ ስህተት ሲፈጠር ነው። ቁጥሩ ያው ሆኖ ትርጉሙ ሌላ ነው።

ስለዚህ መሐል ላይ አስተርጓሚ ገባ። ዲፒኤምአይ በተባለው ስምምነት ፕሮግራሙ ጥያቄውን 50 ባይት በሆነ ቅጽ ላይ ሞልቶ በኢንተረፕት 31 ሄክስ ያቀርባል። አስተናጋጁ ወደ ድሮው ሞድ ይመለሳል፤ ወይም 80386 በ1985 ባመጣው ቨርቹዋል 8086 ሞድ ይጠቀማል። ባዮስን ጠይቆ መልሱን በዚያው ቅጽ ላይ ያመጣል። አንድ ግዴታ አለ፦ ባዮስ የሚያነበው ዳታ ከ1 ሜጋባይት በታች መቀመጥ አለበት። ከዚያ በላይ ካስቀመጡት እጁ አይደርስም።

እኔን ያሳሰበኝ ይኸው ግዴታ ነው። በየዓመቱ ከሊበንና ከሌሎች ቆላ አካባቢዎች የሚመጡ የአንደኛ ዓመት ወንድሞችና እህቶች አሉን። እንግሊዝኛው ሲከብዳቸው ክፍል ውስጥ ዝም ይላሉ፤ ትምህርቱን ትተው መመለስ የሚያስቡም አሉ። ችሎታ አላነሳቸውም፤ የሚያውቁት ነገር እዚህ ሌላ ስም ስለያዘ ነው።

እኛ ቀድመን የገባን በሳምንት አንድ ሰዓት ከዐስር በኋላ ብንቀመጥላቸውስ? ትምህርቱን እጃቸው በሚደርስበት፣ በኦሮምኛም በሶማሊኛም በአማርኛም እናስቀምጥላቸው። ከዚያ የእንግሊዝኛውን ቃል ጨብጠው ወደ ክፍል ይመለሱ፤ ፈተናው በእሱ ነውና። ወላሁ አዕለም።