የአንበሶ አረንጓዴ ጨርቅ

ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ የተነሣው አውቶቡስ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ የተሳፋሪው ሁሉ ጨዋታ ቆመ። ቁልቁለቱ ሊጀመር ነው። ጋቢ ተከናንበው የመጡት አዛውንት ጋቢያቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩ፤ ከፊቴ የተቀመጠችው እናት የሕፃኗን ኮፍያ አወለቀች። ወደ ዓባይ ሸለቆ በወረድን ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ፣ ጆሮዬም እየተደፈነ ሄደ። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግረን ሽቅብ ወደ ደጀን ስንወጣ ደግሞ ቀዝቃዛው የደጋ ነፋስ ተቀበለንና ጋቢው እንደገና ተለበሰ። ጥር ነበርና ጤፉ ተወቅቶ ጭዱ በየደጁ ተከምሯል። ሉማሜን አልፈን ደብረ ማርቆስ ስንገባ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም።

ይህችን ከተማ አባቶቻችን የሚያውቋት መንቆረር በሚለው ስሟ ነው። ዛሬ የምትጠራበትን ስም ያገኘችው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ከታነጸባት በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እኔ ግን የሄድኩት ታሪክ ለማየት ሳይሆን እዚያ የሚሠራውን ልጄንና ዘጠኝ ዓመት የሞላውን የልጅ ልጄን ለመጠየቅ ነበር።

የልጅ ልጄ ከባጃጁ ስወርድ ጉልበቴን ስሞ ሳይጨርስ፣ «እማማ፣ አንበሶን ነይና እይው!» አለኝ። አንበሶ ቡናማ፣ ጆሮው የታጠፈ፣ ስሙ ከልኩ የበለጠ የግቢው ውሻ ነው። አንገቱ ላይ ከእናትየው አሮጌ ነጠላ ተቀዶ የታሰረ ቁራጭ አለ። ጥለቱ ወደ ፊት ወጥቶ ሲታይ ለጥምቀት የተዘጋጀ ይመስላል። ሁላችንም ሳቅን። ልጁ ግን አልሳቀም።

«ባለቤት የሌላቸው ውሾች ሊገደሉ ነው ብለዋል። ይህን ካሰርኩለት ግን የእኛ መሆኑን ያውቃሉ» አለ።

ወሬው እውነት ይሁን አይሁን የሰፈሩ ልጆች ሁሉ አምነውታል። ሰፈሩ እንዲህ የፈራበትም ምክንያት ነበረው፤ ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ የማይታወቅ ውሻ መንገድ ላይ ሰው ነክሶ ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት የሚሸኙት በትር ይዘው ነው። ልጁ የቻለውን አድርጓል፤ ወዳጁን ለማዳን ምልክት አስሮለታል።

ጎንበስ ብዬ ቋጠሮውን ስነካው ግን ውሻው አቃሰተ። ነጠላው በውሃ ሲርስ ጠብቆ፣ ክሩ ተተርትሮ ከፀጉሩ ጋር ተፈትሎ አንገቱን ልጦታል። በመቀስ ቆርጬ አነሣሁት። በዙሪያው ያለውን ፀጉር ከርክሜ፣ አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ጨውና ውሃ አጠብኩለትና ቁስሉ አየር እንዲያገኝ ተውኩት። ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ሳክም ኖሬ በጡረታዬ ውሻ ሳክም ምራቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ክትባት ወስዷል?» ብዬ ጠየቅሁ። ማንም አልመለሰልኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወጣት ነርስ ሳለሁ ተረኛ በነበርኩበት አንድ ሌሊት ከገጠር አንድ ልጅ በቃሬዛ መጣ። ውሃ በጣሳ ስናቀርብለት ጉሮሮው ይተናነቃል፤ የበሩ ነፋስ ፊቱን ሲነካው ይንቀጠቀጣል። አባትየው ከሁለት ወር በፊት ውሻ ነክሶት እንደነበር፣ ቁስሉም በሀገር መድኃኒት ድኖ እንደነበር ነገሩን። ቁስሉ በእርግጥ ድኗል። በሽታው ግን በነርቭ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ሲጓዝ ነበር። ምልክቱ ከታየ በኋላ የትም አገር ያለ ሐኪም ሊያድነው አይችልም ማለት ይቻላል። እኛም መብራቱን ቀንሰን፣ እጁን ይዘን ከማደር በቀር ያደረግነው የለም። አባትየው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ያን ዕለት ብናመጣው ኖሮስ?» እውነቱን ነገርኩት። ዛሬም ድረስ ዝም ብል ይሻለው እንደነበር አላውቅም።

ያን ዕለት ቢመጣ መድኃኒቱ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን በውሻ የተነከሰ ልጅ ከትቦ ካዳነ ወዲህ ይህ በሽታ መከላከያ አግኝቷል። ማይስተርም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። አዲስ አበባ «ፓስተር» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይባል ከነበረው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከሆነው ተቋም ነው። በእኛ የሥራ ዘመን እዚያ የሚመረተውን ክትባት ሆድ ላይ በየቀኑ ከሁለት ሳምንት በላይ እንወጋ ነበር። ልጆች መርፌውን ፈርተው ከአልጋ ሥር ይደበቁ እንደነበር አስታውሳለሁ። ዛሬ በክንድ የሚሰጥና ቁጥሩ ያነሰ ዘመናዊ ክትባት አለ።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ውሻውን መከተብ ነው። በዓለም ላይ ሰዎችን ከሚይዘው የዚህ በሽታ መቶ እጅ ዘጠና ዘጠኙ የሚመጣው ከውሻ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ስለዚህ በማግስቱ ከልጅ ልጄ ጋር አንበሶን በገመድ ይዘን ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ሄድን። እንዳይናከስ አፉን በፋሻ ሸብ አደረግሁለት፤ ልጁ አቅፎ ያዘው፤ መርፌው አለቀ። ባለሙያው ካርድ ጽፎ ሰጠንና ክትባቱ ሥራውን እስኪጀምር ለአንድ ወር ያህል ከግቢ እንዳይወጣ፣ በዓመቱም እንዲደገምለት ነገረን። ቡችላ ከሆነ ሦስት ወር ሲሞላው መጀመር ይቻላል።

በመንገድ ላይ ልጁ፣ «እማማ፣ ካርዱን ውሻው አይዘውም፤ ሰዎች በምን ያውቃሉ?» አለኝ። ጥያቄው የሕፃን አይደለም። በብዙ አገሮች የጅምላ ክትባት ሲሰጥ ለተከተበ ውሻ ባለቀለም ማሰሪያ አንገቱ ላይ ያደርጉለታል ወይም ጀርባውን ቀለም ይቀቡታል። እኛም የራሳችንን ለመስፋት ተስማማን። ነጠላ ግን አይሆንም፤ ሳስቶ ይተረተራል። ናይሎንም ያሞቃል። ጠንካራ ጥጥ ያስፈልጋል።

ጎጃም ውስጥ ጠንካራ ጥጥ ሲባል ማን ይጠፋዋል? በገበያ ቀን ወደ ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ሄድን። የደጋው ገበሬ የሚወደው አረንጓዴ ካኪ ቁምጣና ኮት የሚሰፋው እዚያ ነው። የሲንጀሮቹ ድምፅ ከገበያው ጫጫታ ጋር ተቀላቅሏል፤ ከየማሽኑ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ተከምሯል። አንዱን ሰፊ ቁራጭ እንዲሸጥልኝ ጠየቅሁት።

«ለምን ይሆንሻል፣ እትዬ?»

«ለውሻ።»

መርገጫውን አቆመ። «ለውሻ ቁምጣ ልሰፋ ነው?» አለና በረንዳው በሙሉ ሳቀ። የልጅ ልጄ ግን ፊቱ ሳይፈታ ነገሩን ከነክትባቱ አስረዳው። ሰውዬው እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ቁራጩን በነፃ ሰጠን፤ ማሽኑንም ለቀቀልኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ እናንተም ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ልትሞክሩት ትችላላችሁ። መጀመሪያ የውሻውን አንገት በሲባጎ ለኩ። ሲባጎው ከአንገቱ ጋር ሁለት ጣት እስኪያስገባ ይላላ። የአንበሶ 42 ሴንቲ ሜትር መጣ። ጫፍና ጫፉ ለሚደራረብበት 5 ሴንቲ ሜትር ስንጨምር 47 ሆነ። ጨርቁን በአራቱም ጎን 38 ሴንቲ ሜትር አድርገን ቆረጥንና ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ለሁለት ከፈልነው። እያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ረጅሙ ጎኑ 54 ያህል ይሆናል። ዳር ዳሩን ሁለት ጊዜ አጥፈን ስንዘመዝመው ወደ 47 ይወርዳል። ማሽን ከሌላችሁ በእጅ መዘምዘም ይበቃል፤ ክሩ እንዳይመዘዝ ብቻ ስፌቱን አጥብቁት።

ዋናው ጥንቃቄ ማሰሪያው ላይ ነው። ውሻ አጥር ይዘላል፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። ጨርቁ ተሰክቶ ካልተፈታ ያንቀዋል። ስለዚህ በቋጠሮ አትሰሩት። እኛ ለልጁ ካጠረ ጫማ ላይ ቸር እያለ የሚላቀቀውን ማጣበቂያ ፈትተን በሁለቱ ጫፎች ሰፋንበት፤ ጠበቅ ብሎ ሲጎተት በራሱ ይለቅቃል። ቁልፍና ጌጥ አታድርጉበት፤ ነክሶ ይውጠዋል። ሌሊት አውልቁለት፤ በየሳምንቱ በሳሙና እጠቡት፤ ባወለቃችሁት ቁጥር አንገቱን በጣታችሁ ዳስሱና መዥገር ወይም ቁስል እንደሌለ እዩ።

ማታ ቡና ሲፈላ ምራቴ በቀይ ክር መሐሉ ላይ «ጥር 2011» ብላ ጠለፈችበት። ሐሳቡ የእሷ ነው። ጽሑፉ ክትባቱ መቼ እንደተሰጠ ለሰው ይናገራል፤ መቼ መደገም እንዳለበትም እኛኑ ያስታውሳል። አንበሶ ጨርቁን የለበሰው የአንገቱ ቁስል ደርቆ ፀጉር ማብቀል ሲጀምር፣ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። መጀመሪያ በኋላ እግሩ ሊያወልቀው ታገለ፤ ኩርማን እንጀራ ሲወረወርለት ረሳው። ያንኑ ቀን የጎረቤት ልጆች አጥር ሥር ተኮልኩለው፣ «ለእኛም ስፉልን» አሉ። የልጅ ልጄ በሩ ላይ ቆሞ፣ «መጀመሪያ ካርድ!» ይላቸዋል። ክትባት ያልወሰደ ውሻ ጨርቁን ከለበሰ ሰውን ያታልላልና ሕጉ ትክክል ነው።

እንግዲህ ለእናንተ፣ ልጆች ለምታሳድጉ ወላጆችና አያቶች ሁሉ፣ አንድ አደራ አለኝ። ጨርቅ ያማረ ምልክት ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። ልጃችሁን ውሻ ከነከሰው ወይም ቧጥጦ ካደማው፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት። አመድ፣ ቡና፣ ቅጠል አታድርጉበት። ከዚያ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ጸበሉንም ጸሎቱንም ከክትባቱ ጋር ማስኬድ ይቻላል፤ ክትባቱን ግን አያስቀር። የነከሰው ውሻ ያለአደጋ ሊታሰር የሚችል ከሆነ ወዲያው ከመግደል አሥር ቀን አስሮ መከታተል ለሐኪሙ ይጠቅማል። ልጆቻችሁ ውሻ ቢነክሳቸው እንደማትቆጧቸው አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ቁጣ ፈርቶ ንክሻውን የሚደብቅ ልጅ ብዙ ነው።

ከመመለሴ በፊት ልብስ ሰፊውን ላመሰግነው ሄድኩ። ሁለተኛውን ሦስት ማዕዘን እሱ ዘንድ ትቼው ነበር። ጮቄ ተራራ ሥር ባለው የአባቱ ቤት በግ የሚጠብቅ ውሻ እንዳላቸው፣ አንድም ቀን ተከትቦ እንደማያውቅ ነገረኝ። ሦስት ማዕዘኑን ከማሽኑ በላይ ምስማር ላይ ሰቅሎታል። ዳሩ ተዘምዝሟል፤ መሐሉ ግን ባዶ ነው።

«ቀኑን የምጽፍበት ሲከተብ ነው፣ እትዬ» አለኝ። «ትንሹ አለቃዬ እንዲያ አዞኛል።»

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ የልጅ ልጄ በየእሑዱ ይደውልልኛል። ስለ ትምህርቱ ስጠይቀው ስለ አንበሶ ይነግረኛል። በቀደም ደግሞ ምስማሩ ላይ ያለው ጨርቅ መውረዱን አበሠረኝ፤ ውሻው ከጮቄ ሥር በገመድ ተስቦ መጥቶ ተከትቧል። እኔም ቀይ ክር ገዝቼ የጉዞ ቦርሳዬ ውስጥ አኑሬአለሁ። ለሚቀጥለው ጥር የአንበሶን «2011» ፈትቼ «2012» የምጠልፈው እኔ ነኝ።