ፊውዙን ያወጣሁት እኔ ነኝ

በግቢያችን አንዲት የአምስት ዓመት ሕፃን በባትሪ የሚሄድ የልጆች መኪና ላይ ተቀምጣ ሳለ ጭኗ ተቃጠለ። ምክንያቱ ወንበሩ ላይ የተደፋ ለስላሳ ነው ተባለ። ጎረቤቱ ይህን አመነ፣ እናቷ አመነች፣ ልጅቷም ይህንኑ እየሰማች አደገች። ለስላሳው ምንም አላደረገም። ያቃጠላት የእኔ ሥራ ነው። ይህን ከዚያው ምሽት ጀምሮ እያወቅኩ ለዓመታት ዝም ብያለሁ። ለእናቲቱ ከነገርኳት ብዙም አልቆየም። በአደባባይ የምጽፈው ደግሞ ይህን መስማት ያለበት፣ ማን እንደሆነ የማላውቀው ሌላ ሰው ስላለ ነው።

በሙያዬ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ማንም “ሳያውቅ ነው” ብሎ እንዳያዝንልኝ ነው።

መኪናውን ለልጄ ያገለገለ ሆኖ ከመርካቶ ገዛሁት። በአዲስ አበባ መናፈሻዎች ልጆች ተራ ጠብቀው ሲነዱ የምናየው ዓይነት ነው። ከወንበሩ ሥር ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ዝግ የእርሳስ ባትሪ አለው፤ በየቢሮው ዩፒኤስ ውስጥ የሚገኘው ማለት ነው። ከኋላ ጎማዎቹ አጠገብ ሁለት ትንንሽ ሞተሮች አሉ፤ ጥርሶቻቸው ፕላስቲክ ናቸው። ፔዳሉ እንደ ትልቅ መኪና ነዳጅ መስጫ ቀስ በቀስ የሚጨምር አይደለም። ሲረገጥ ያገናኛል፣ ሲለቀቅ ያቋርጣል። በባትሪውና በሞተሮቹ መካከል ደግሞ ፊውዝ አለ። በብዙዎቹ መኪኖች ላይ ይህ ፊውዝ ሲግል ይቆርጣል፣ ሲቀዘቅዝ ራሱ መልሶ ያገናኛል።

ስለዚህ ፊውዝ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ጥፋቴ ያለው እሱ ላይ ነውና። ሞተር በነፃነት ሲዞር የሚስበው ኃይል ትንሽ ነው። ጎማው ተይዞ መዞር ሲያቅተው ግን የሚስበው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው አምፔር በእጥፍ ሲጨምር የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ያ ጡብ የሚያክል ባትሪም በድንገት ከተለቀቀ ለጥቂት ሰከንዶች ከ100 አምፔር በላይ ሊሰጥ ይችላል። ብዙ ሰው “12 ቮልት ምን ያደርጋል?” ይላል። እኔም ብያለሁ። በደረቅ እጅ ቢነካ አይዝም፣ እውነት ነው። ሽቦን የሚያግለው ግን በውስጡ የሚያልፈው አምፔር ነው፤ ቮልቱ ትንሽ መሆኑ ከቃጠሎ አያድንም። ትልቅ ሰው ጎማው ሲያዝበት እግሩን ያነሳል። የአምስት ዓመት ልጅ ግን አብልጣ ትረግጣለች፤ ባትረግጥ ነው የሚገርመው። መኪናውን የሠሩት ሰዎች ይህን ያውቃሉ። ፊውዙን እዚያ ያስቀመጡት ልጅ እግሯን እንደማታነሳ ስለሚያውቁ፣ በእሷ ፋንታ እንዲያቋርጥላት ነው።

የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ግቢ ኮብልስቶን ነው፣ ወደ በሩም ቁልቁል ይወርዳል። ልጆቹ ለአንድ ሰው በተሠራ ወንበር ላይ ሁለት እየሆኑ ይቀመጡና ሽቅብ ሲነዱት መኪናው መንገድ ላይ ይቆማል። ጥቂት ይጠብቃሉ፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይቆማል። ልጄ እያለቀሰ ይመጣል። “ያንተ አባት ኤሌክትሪሺያን አይደል? ለምን አይሠራውም?” ይሉታል። እኔም አንድ ቅዳሜ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዤ ወረድኩ፣ ወንበሩን ፈታሁ፣ ፊውዙን አወጣሁ፣ በቦታው የመዳብ ሽቦ ጠምጥሜ በናስትሮ ጠቀለልኩት። መኪናው ዳገቱን ሳይቆም ወጣ። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ።

የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ መጠምጠም በየቤቱ የተለመደ ነው። እኔ በሥራዬ ስንቱን ሰው በዚህ ተቆጥቻለሁ። “ቤትህን ልታቃጥል ነው?” ብዬ ከቆጣሪ ሥር እንዲህ ያለ ሽቦ በገዛ እጄ አውጥቻለሁ። በሰው ቤት የማልታገሠውን ሕፃናት በሚቀመጡበት ዕቃ ላይ ራሴ አደረግኩት። ምክንያቴን ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። መጫወቻ ስለሆነ ነው። ዕቃው ስላነሰብኝ የሙያዬን ደንብ የሚገባው አልመሰለኝም፤ የሚቀመጡበት ግን ከሁላችንም ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነበሩ።

የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ይጠጣል፣ ልጆቹም በተራ ይነዳሉ። የጎረቤታችን ልጅ ተራዋ ሲደርስ አዲሱን ያበሻ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በአንድ እጇ የለስላሳ ጠርሙስ ይዛ ተቀመጠች። በደረጃው ጥግ ስትታጠፍ የፊት ጎማው ከድንጋዩ ጠርዝ ጋር ተጋጥሞ ቆመ፤ ጠርሙሱም ወንበሩ ላይ ተደፋ። እሷ መኪናው እንዲሄድላት ፔዳሉን ረገጠች፤ ረግጣም ቆየች። የተያዘ ሞተር የሚያሰማውን የታፈነ ድምፅ ከተቀመጥኩበት ሰምቼዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነም አውቃለሁ። ግን ወሬዬን ልጨርስ ብዬ አልተነሳሁም። ከዚያ ጭሱ መጣ፣ ጩኸቷ ተከተለ።

እናቷ ነች ነጥቃ ያነሳቻት። የወንበሩ ፕላስቲክ ለስልሶ ከቀሚሷና ከቆዳዋ ጋር ተጣብቆ ነበር። በዚያ ቀን ቧንቧ ውኃ አልነበረም። አንዷ ጎረቤት የጥርስ ሳሙና ይዛ ሮጠች፣ ቀቡላት። የተቃጠለ ገላ ወዲያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ሊፈስበት እንደሚገባ፣ ሳሙናውም ቅቤውም እንደሚጎዳ በሥራ ላይ ተምሬ አውቅ ነበር። በየቤቱ በጄሪካን ውኃ አለ። ይህንንም አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም፤ ሐሳቤ ሁሉ ከወንበሩ ሥር ባለው ሽቦ ላይ ነበር።

ማታ ከሕክምና ሲመለሱ ልጠይቅ ሄድኩ። እናቲቱ “ለስላሳውን ይዘሽ ውጪ ያልኳት እኔ ነኝ” እያለች ታለቅሳለች። ኋላ ወደ እኔ ዞራ፣ “ጋሼ፣ አንተ ታውቃለህ፤ ለስላሳው ነው አይደል?” አለችኝ። “ሳይሆን አይቀርም” አልኳት። እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ12 ቮልት ላይ የተደፋ ለስላሳ ውሎ አድሮ ሽቦ ያዝግ ይሆናል እንጂ በዚያች ቅጽበት ወንበር አያቀልጥም። ሰው በሙያዬ አምኖ ጠየቀኝ፤ እኔ በዚያው ሙያ ዋሸሁ።

ሌሊት ወርጄ ወንበሩን ፈታሁት። ወደ ሞተሮቹ የሚሄዱት ቀጫጭን ሽቦዎች ልባሳቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀልጦ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። የጠመጠምኩት መዳብ ከእነሱ ይወፍር ስለነበር ምንም ሳይሆን ቦታው ላይ ነው። መልሼ ገጠምኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ቁራሌው በሰፈር ሲያልፍ ጠርቼ ሸጥኩለት። “ይሠራል?” አለኝ። “ሽቦና ባትሪ ከተቀየረለት ይሠራል” አልኩት። ስለ ፊውዙ አልነገርኩትም፤ ብነግረው ለምን ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ፈራሁ።

ከዓመታት በኋላ ስለ እነዚህ መኪኖች ሳነብ አሜሪካ ውስጥ የሆነውን አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1998 ፊሸር ፕራይስ የተባለው ኩባንያ ከ1984 ጀምሮ “ፓወር ዊልስ” በሚል ስም የተሸጡ እስከ 10 ሚሊዮን የሚደርሱ የልጆች መኪኖችን ለጥገና ጠራ። የኤሌክትሪክ ክፍሎቻቸው እየጋሉ ነበር። 150 ያህል የእሳት አደጋ ተመዝግቦ፣ 9 ልጆች ቀላል ቃጠሎ ደርሶባቸው፣ 22 ቤቶችና ጋራዦች ተጎድተው ነበር። ወላጆች ባትሪውን ወዲያው እንዲያወጡ፣ አዲሱ ክፍል እስኪገጠምም ልጆች እንዳይነዱት ተነገራቸው። እዚህ ድረስ ሳነብ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀለል አለኝ፤ ፋብሪካም ይሳሳታል አልኩ። ቀጥዬ ሳነብ ግን እ.ኤ.አ. በ2001 ኩባንያው 1.1 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል መስማማቱን አየሁ። የአገሪቱ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን የከሰሰው ችግሩን እያወቀ በጊዜው አላሳወቀም ብሎ ነው። ያን ቀን ሥራ መሥራት አልቻልኩም። የእኔ መኪና የፋብሪካ ጉድለት አልነበረበትም፤ ጉድለቱን የፈጠርኩት ራሴ ነኝ። ማሳወቅ የነበረብኝም እኔው ብቻ ነበርኩ።

ለነፍስ አባቴ እንኳ የተናዘዝኩት ጎዶሎ ነበር። መኪናው ልጅ ማቃጠሉን ነገርኳቸው፣ ሽቦውን ግን ተውኩት። ሁለተኛ ጊዜ ሄጄ ሙሉውን ስነግራቸው፣ “ለእናቲቱ ሳትነግር ወደ እኔ አትመለስ” አሉኝ።

ነገርኳት። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር፤ መጀመሪያ አልጮኸችም። ሽቦውን፣ ፊውዙን፣ የዚያን ማታ ውሸቴን በተራ ነገርኳት። ይቅርታ ስጠይቃት ግን ከመቀመጫዋ ተነሳች። “ጋሼ፣ በዚያ ለስላሳ ልጄን ስንት ጊዜ እንደተቆጣኋት ታውቃለህ? ዕቃ በደፋች ቁጥር ‘ያን ቀንም አንቺው ነሽ’ እላታለሁ። አጭር ልብስ አልለብስም ስትል፣ ‘ማን አደረገሽ?’ ብያታለሁ። አሁን ምን ልበላት?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው እሑድ ልጅቷን ራሴ ነገርኳት። አሁን ጠባሳዋን የምትደብቅ ኮረዳ ሆናለች። “እንግዲያው እኔ አይደለሁማ” አለችና ወደ እናቷ ዞረች። እኔን አላየችኝም። ይቅር አላለችኝም፤ ይቅር እንድትለኝም አልለመንኳትም፤ በእሷ ላይ ያን የመጠየቅ መብት ያለኝ አይመስለኝም።

ልወጣ ስል እናቲቱ በር ላይ፣ “መኪናውስ የት ደረሰ?” አለችኝ። እኔ ለራሴ ሸሽቼው የኖርኩት ጥያቄ ነው። ቁራሌው ለሠፈራችን እንግዳ ነበር። ምናለሽ ተራ ሄጄ እንዲህ ያለ መኪና የሚጠግኑትን አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ፤ በየጊዜው ብዙ እንደሚያልፍባቸው ነግረውኛል። ገላው ደህና ስለነበር ማንም አይሰብረውም፤ ሽቦና ባትሪ ተቀይሮለት ለአንድ ልጅ ተሸጧል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ መኪናው እጅዎ ላይ ካለ ይህን ያንብቡ። ቀይ ነው፤ ወንበሩ ቢጫ፣ ለአንድ ልጅ የሚሆን። ከወንበሩ በስተቀኝ ፕላስቲኩ ቀልጦ የጠቆረ ቦታ አለ፤ ምናልባት ተቀብቶ ወይም ጨርቅ ለብሶ ይሆናል። የፊት ግራ መብራቱ በጥቁር ናስትሮ የተያያዘ ነው። ወንበሩን ሲፈቱ ከባትሪው ቀይ ሽቦ ላይ፣ ፊውዝ መሆን በሚገባው ቦታ፣ በናስትሮ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ካገኙ የእኔ ሥራ ነው። ባትሪውን ዛሬውኑ ያውጡት፣ ልጅ አያስቀምጡበት። ሽቦው ወጥቶ ለመኪናው የሚመጥን ፊውዝ እስኪገባለት ድረስ፣ ልጁ ቢያለቅስም፣ አያስነዱት።