ማን አስተማራት?

መስከረም 21 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ አዘና

ክረምቱ ወጣ። ከአጥራችን ጀርባ ያለው መስክ በመጭና በአደይ አበባ ቢጫ ለብሷል፤ ቅዳሜ ስለሆነ ልጆቹ ከጧት ጀምሮ እዚያው ናቸው። ረፋዱ ላይ ታናሿ ልጄ «ንብ መጣች!» እያለች ሮጣ ገባች። አብሬያት ወጣሁ። አበባው ላይ የተቀመጠችው ንብ ሳትሆን ዝንብ ነበረች፤ ሆዷ ላይ ቡናማና ቢጫ መስመር ያለባት፣ በመጠንም በጥዝታም ቁርጥ ንብ የምትመስል።

ልጆቹ ጎንበስ ብለው እንዲያዩዋት አደረግኩ። ንብ አራት ክንፍ አላት፤ ይቺ ሁለት ብቻ። ዓይኖቿ ከመተለቃቸው የተነሳ ጭንቅላቷን ሊሞሉት ደርሰዋል። ግንባሯ ላይ ያሉት ቀንዶች እጅግ አጫጭር ናቸው፤ የንብ ግን ረዘም ብለው መሐል ላይ ይታጠፋሉ። ስትበር ደግሞ አየር ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። መናደፊያ የላትም። የጎረቤታችን ልጅ «ታዲያ ለምን ፈራናት?» አለ። ልጄን የያዛት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ «እማዬ፣ ንብ መምሰልን ማን አስተማራት?»

መስከረም 22

ማንም አላስተማራትም። ለልጆች የሚጻፉ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ «እንስሳት ከጠላት ለማምለጥ ሌላ እንስሳ ይመስላሉ» ብለው ያልፋሉ። ይህን የሰማ ልጅ ዝንቧ አስባና መርጣ የንብ ልብስ የለበሰች ይመስለዋል። እውነቱ ከዚያ የበለጠ ያስደንቃል፤ ልጅም ሊረዳው ይችላል። ስለዚህ ማታ ቡናው እስኪፈላ እንዲህ አልኳቸው።

ጥንት የዝንቦቹ መልክ አንድ ዓይነት አልነበረም። አንዷ ጠቆር፣ ሌላዋ ቢጫ ቢጫ ትላለች። ወፍ ደግሞ አንድ ጊዜ ንብ ከነደፈቻት ቢጫና ጥቁር መስመር ስታይ ትሸሻለች። ያጠራጠረቻትን ትታ ዝንብነቷ የለየላትን ትለቅማለች። የተረፈችው እንቁላል ትጥላለች፤ ልጆቿም እሷን ይመስላሉ። ከእነሱም መካከል ወፏ ንብ የማትመስለውን ትበላለች። ይህ ስንትና ስንት ትውልድ ተደጋገመ። ገበሬ ከአዝመራው ያማረውን ለዘር እንደሚያስቀር ሁሉ ወፏም፣ አስባበት ሳይሆን፣ ንብ መሳይዋን ለዘር አስቀረች። ዝንቧ ምንም አታውቅም። መልኳን የሠራው የሚያሳድዳት ዓይን ነው።

ይህን መጀመሪያ አጥርቶ የጻፈው እንግሊዛዊው ሄንሪ ዋልተር ቤትስ ነው። በአማዞን ደን 11 ዓመት ነፍሳት ሲሰበስብ ኖሮ፣ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1862 አሳተመ፤ ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈውን መጽሐፍ ካወጣ ከ3 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ታላቁ ልጄ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ «ዝንቦቹ ከንቦቹ ቢበዙስ?» አለ። ቤትስ ራሱ በሰማው ብዬ ተመኘሁ! ወፏ ደጋግማ የምታገኘው የማይናደፈውን ከሆነ ፍርሃቷ ይለቃታል፤ ያኔ ማስመሰሉ ማንንም አያድንም። አስመሳይ ይበልጥ የሚጠቀመው በቁጥር ከእውነተኛው ሲያንስ ነው።

ጥቅምት 6

እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገድ ዳር ብርቱካናማ ቢራቢሮ አየን፤ የክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለበት። ቀስ ብላ ነው የምትበረው፤ የሚያስቸኩላት የለም። ትል ሳለች የምትበላው ሲሰበር ነጭ ወተት የሚያወጣ ተክል ነው፤ ቆላ የወረደ ሰው ጦቢያን ያውቃል፣ ከምግቧ አንዱ እሱ ነው። የተክሉ መርዝ ልብን የሚጎዳ ነው። እሷን ግን አይጎዳትም፤ ክንፍ ካወጣችም በኋላ ከሰውነቷ አይወጣም። የቀመሰቻት ወፍ ታስታውካለች፣ ሁለተኛም አትነካትም።

መርዝ የሌላት ሌላ ቢራቢሮ ይህችኑ ትመስላለች። የሚደንቀው፣ የምትመስለው ሴቷ ብቻ ናት። ወንዱ ጥቁር ሆኖ ትልልቅ ነጭ ክቦች አሉት፤ አንድ ዘር ናቸው ብሎ ማን ይገምታል? ሴቷ ለእንቁላሏ የሚሆን ቅጠል ፍለጋ ስትንቀራፈፍ ለወፍ ትጋለጣለች፤ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ወንዱ መልኩን ያልለወጠው ደግሞ ሴቷ በመልኩ ስለምትለየው ሊሆን ይችላል።

ልጆቹ ሲተኙ ከሁሉም የምወደውን ጉዳይ እንደገና አነበብኩ። ልምጭ ቅጠል ላይ የሚያድግ፣ የክንፉ ጭራ የረዘመ ነጣ ያለ ቢጫ ቢራቢሮ አለ። በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ሴቶቹ ጭራ የላቸውም፤ አንዷ አንዱን መርዛማ ቢራቢሮ፣ ሌላዋ ሌላውን ትመስላለች። ሮላንድ ትሪመን የተባለ ሰው ደቡብ አፍሪካ ተቀምጦ እ.ኤ.አ. በ1869 «እነዚህ ሁሉ የአንድ ዘር ሴቶች ናቸው» ብሎ ሲጽፍ ያላመኑት ነበሩ። ኋላ ከአንዲት እናት እንቁላል የተፈለፈሉት አድገው ሲታዩ ነገሩ ተረጋገጠ። በእኛ ሀገር ደግሞ ብዙዎቹ ሴቶች እንደ ወንዱ ቢጫ ሆነው ይቀራሉ፤ ከሚያስመስሉትም መካከል ጭራቸውን ያልጣሉ አሉ። የውጭ ሀገር ሊቃውንት ስለ እነሱ ሲጽፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የእኛ ልጆች በስማቸው እንኳ አያውቋቸውም፤ ይህ ያንገበግበኛል።

ጥቅምት 20

ጓሮ ካለው ሎሚ ቅጠል ላይ ልጄ የወፍ ኩስ አየች። ኩሱ ተንቀሳቀሰ! ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ትል ነው፤ ትል የሚለቅም ወፍ ኩስ ስለማይፈልግ ብዙ ጊዜ ዞር ብሎ አያየውም። ሲያድግ መልኩ አረንጓዴ ይሆናል። ያኔ ከነኩት ከጭንቅላቱ ጀርባ ቀይ መንታ ቀንድ አውጥቶ ኃይለኛ ሽታ ይለቃል። ልጆቹ ቅጠሉን ይጨርሳል ብለው ሊገድሉት ነበር፤ አልፈቀድኩም። ሎሚው ሌላ ቅጠል ያበቅላል።

ኅዳር 4

ዛሬ ተቆጣሁ። ልጆች እስስት ከበው ድንጋይ ሲወረውሩ ደረስኩ። እስስት መርዝ የላትም። እንደ ሰው አስመሳይም አይደለችም፤ ከቅጠል የሚያመሳስላት መልኳና እየተወዛወዘች መራመዷ ነው። ቀለሟን የምትለውጠው ይበልጡን ስትቆጣ፣ ስትፈራ፣ ሲበርዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማዳጋስካር እስስትን መርምረው፣ ቆዳዋ ውስጥ ያሉ እጅግ ደቃቅ ክሪስታሎች ሲቀራረቡና ሲራራቁ ብርሃኑን እየለዋወጡ እንደሚመልሱት አሳዩ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኙ የእስስት ዝርያዎች አሉ። በእንጨት አንስቼ ቀርከሃው ውስጥ ለቀቅኳት።

ኅዳር 11

አጎቴ ማር ሲቆርጥ ማታ ልጆቹን ይዤ ሄድኩ። ከአንዱ ቀፎ በጭሱ መሐል ትልቅ የእሳት እራት ወደቀች፤ ጀርባዋ ላይ የራስ ቅል የመሰለ ምልክት አለ። አጎቴ ሲያነሳት ጢው ጢው ብላ ጮኸች፤ ልጆቹ ወደ ኋላ ዘለሉ። ማር ልትመጥ የገባች ናት።

ቀፎ ውስጥ ጨለማ ነው፤ መልክ ምን ይጠቅማል? ንቦች ዘመድና ባዳ የሚለዩት በጠረን ነው። የዚህች ሌባ ሰውነት የንብን ሽታ የሚመስል ሽታ አለው፤ ስለዚህ ዘበኞቹን ብዙ ጊዜ ታልፋለች። አጎቴ ይህን ሲሰማ «ለዚህ ነዋ አብረዋት የሚቀመጡት!» አለ። ከዚያም ጭቃ አቡክቶ የቀፎዎቹን አፍ፣ ንብ ብቻ እንዲያሳልፍ አድርጎ፣ አንድ በአንድ አጠበበ፤ ፋኖሱን የያዘችለት ልጄ ነበረች።