አደይ አበባና የድንጋይ ሞስ

ልጆች ሆይ፥ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፥ በአቃቂ ቃሊቲ በነበረው በአያቴ ግቢ የጥቁር ድንጋይ አጥር ነበረ። በልጅነቴ በዚያ አጥር ዙሪያ ሁለት ተክሎች አውቅ ነበር፤ አንዱን እወድደው ነበር፥ ሁለተኛውን ግን እንደ እድፍ እቈጥረው ነበር።

የምወድደው አደይ አበባ ነው። ክረምቱ ሲያልፍ፥ በመስከረም፥ ሜዳውን ቢጫ ያለብሰዋል። ሥሩ ከመሬት ውኃ ይስባል፤ በግንዱ ውስጥ ያሉት እጅግ ቀጫጭን ቧንቧዎችም ውኃውን እስከ ቅጠሉ ያደርሱታል። ንብ ቀለሙ ስቧት ትመጣና ብናኙን ከአበባ ወደ አበባ ታደርሳለች፤ ከዚህም ዘር ይገኛል። አንድ አበባ የሚመስለን ነገር በእውነቱ ተጠጋግተው የተቀመጡ ብዙ ጥቃቅን አበቦች ናቸው፤ ይህን በተማርሁ ጊዜ ተደነቅሁ፥ ዛሬም ባየሁት ቍጥር ይደንቀኛል። ነገር ግን ዕድሜው አጭር ነው። ክረምቱ ካለፈ ብዙ ሳይቈይ ይደርቃል፤ ዘሩ ብቻ የሚመጣውን ዝናም በአፈር ውስጥ ይጠብቃል።

ሁለተኛው በድንጋይ ላይ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ የሚነጠፍ፥ ቁመቱ ከጥፍር ብዙ የማይበልጥ ተክል ነው፤ ሞስ ይባላል። አበባና ዘር የለውም። በቀጭን ዘንግ ጫፍ ባለች ትንሽ ቋት ውስጥ ስፖር የሚባል ደቃቅ ነገር ያበጃል፥ ነፋስም ይበትነዋል። እውነተኛ ሥር ስለሌለው ውኃን በገላው ሁሉ ይጠጣል።

አንድ ዓመት፥ በመጋቢት፥ ሞሱ ጠቍሮና ተጨማድዶ አየሁት። ለፋሲካ ግቢውን አሳምራለሁ ብዬ ቢላዋ ይዤ እፍቀው ጀመር። ግማሹን እንደ ፈጸምሁ አያቴ መጡ። አልተቈጡኝም።

«ልጄ፥ ሞቷል ብለህ ነውን?» አሉኝ።

በቅል ውኃ ቀድተው በቀረው ላይ አፈሰሱበት። ጥቂት ቈይቶ የተጨማደደው ተዘረጋ፥ የጠቈረውም ለመለመ። ለካ ሲደርቅ ሥራውን ያቆማል እንጂ አይሞትም ኖሯል። እኔም የፋቅሁትን ከመሬት ለቅሜ ወደ ድንጋዩ ልመልሰው ሞከርሁ፤ አልያዘም፥ ነፋስ ወሰደው።

በመስከረም 1 ቀን አደይ አበባ ታቅፌ ወደ አያቴ ገባሁ። ተቀብለው መረቁኝና፥ «አጥሩንስ አይተኸዋልን?» አሉኝ። ወጥቼ አየሁ። ያልነካሁት ወገን ለምልሟል፤ የፋቅሁት ግን ራቁቱን ነው። ጐንበስ ብዬ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ብመለከት፥ ከመርፌ ጫፍ የማይበልጡ አረንጓዴ ነጥቦች አገኘሁ። አያቴን ጠርቼ አሳየኋቸው።