ቀጠሮ የሚያከብር ውሃ

ድሬዳዋ ውስጥ ወንዝ ማለት አሸዋ ነው። ሌላ አገር ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት ያስቸግራል። ደቻቱ ከዚራን ከመጋላ ለይቶ በከተማችን መሀል ያልፋል፤ ግን የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለውም። ልጆች ኳስ ይራገጡበታል፣ ግመል ይነዳበታል፣ ነጋዴው ዕቃውን ይዘረጋበታል። ታዲያላችሁ አንዳንዴ እኛ ጋ ጠብ ሳይል በደንገጎ በኩል ደጋው ላይ ይዘንብና፣ ያ ሁሉ ውሃ ተንደርድሮ ቁልቁል ይመጣል። ሰዓት የለው፣ ቀጠሮ የለው!

ባለቤቴ ያደገው እዚህ ወንዝ ዳር ነው። በ1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ፣ ሰው በተኛበት ደቻቱ መጣና ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። አንዷ የባለቤቴ ታናሽ እህት ነበረች። ያን ጊዜ አልተጋባንም። ከተጋባን በኋላ ግን በመጀመሪያው ክረምት ነገሩ ገባኝ። በደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ሰውዬው አይተኛም። ጫማውን በር ላይ፣ ባትሪውን ትራስ ሥር አድርጎ ቁጭ ብሎ ያነጋል። የምንኖረው ከወንዙ ርቀን ነው ብለው ማን ሰምቶ! ከጎርፉ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር ግንብ ተሠርቷል ብለውም ያው ነው።

ምክር አልጠፋም። አንዱ ጠበል ይላል፣ ሌላው ጊዜ ያስረሳዋል ይላል። ከሁሉ የሚያናድደኝ «ወንድ ልጅ እንዴት ይፈራል?» የሚለው ነው። ይህ ምክር ባሌን ዝም አሰኘው እንጂ አላስተኛውም። የእህቱን ስም አንስቶ አያውቅም ነበር። ልጃችን ሰባት ዓመት ሆኖት እንኳ በደረቁ አሸዋ ላይ ተሻግሮ አክስቱ ቤት እንዲሄድ አይፈቅድለትም። በዚህ የተነሳ ስንት ቀን ተኳርፈናል መሰላችሁ።

በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ጅቡቲ የሚሠራው ወንድሜ «ኑና እዩኝ» አለን። ድሬዎች ለጅቡቲ ባዕድ አይደለንም፤ ፈረንሳዮቹ የሠሩት ባቡር በ1895 ዓ.ም. እኛ ጋ ባይደርስ ከተማችንም አትኖርም ነበር። እኛ የሄድነው ግን በ2010 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በኤሌክትሪኩ ባቡር ነው።

ወንድሜ ሙሻ ደሴት በጀልባ ሊወስደን አስቧል። ባለቤቴ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ» አለ። አልተከራከርነውም። የጀልባው ባለቤት አፋር ነው፤ ሱማልኛም ይናገራል፣ ባለቤቴም እንደ ማንኛውም የድሬ ልጅ ይሰማዋል። ሰውዬው ባህሩ ዳር አሸዋው ላይ እንጨት ተከለና «ወንድሜ፣ ውሃው ዛሬ እዚህ ድረስ መጥቶ ይመለሳል» አለው፤ ሰዓቱንም ነገረው። እኛ ወደ ከተማ ስንመለስ ባለቤቴ እዚያው ቁጭ ብሎ ቀረ። ማታ ሲመጣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ አሸዋ ነው።

«እንጨቱ ጋ ደርሶ ቆመ» አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም። ሌሊቱን ግን ወንድሜን ሲጠይቀው ሰማሁ። ጨረቃና ፀሐይ ባህሩን ይስቡታል፣ ስድስት ሰዓት ያህል ይሞላል፣ ስድስት ሰዓት ያህል ይጎድላል፣ በማግሥቱ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ዘግይቶ ያንኑ ይደግማል፤ ጨረቃዋ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ደግሞ ሙላቱ ይበረታል። ጠዋት ሁላችንም ተሳፈርን።

ሙሻን እንግሊዞች በ1840 እ.ኤ.አ. ከታጁራ ሱልጣን በአሥር ጆንያ ሩዝ ገዟት ይባላል። (በጆንያ ሩዝ ደሴት! የዛሬን ገበያ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?) ጀልባችን ሞተርም ሸራም ነበራት፤ ነፋሱ ሲመች ሞተሩ ጠፍቶ በሸራ ሄድን። ደሴቷ ጋ ስንደርስ ሸራው ወረደና በረጅም እንጨት እየተገፋን ወንዝ የመሰለ ጠባብ ቦይ ውስጥ ገባን። በግራና በቀኝ ማንግሮቭ የሚሉት ዛፍ ነው፤ ጨው ውሃ ውስጥ ቆሞ ይለመልማል። ጭቃው ላይ ሸርጣን ይሯሯጣል። ድምፅ የለም። ውሃው ከባህር ወደ ውስጥ ስለሚገባ ወንዙ ወደ ኋላው የሚፈስ ይመስላል። ከዚያ ቀስ ብሎ ቆመ። ቅጠል እንኳ ወዲያ ወዲህ አይልም። ትንሽ ቆይቶ ወደ መጣበት መመለስ ጀመረ። ባለቤቴ ሰዓቱን አየና እጁን ውሃው ውስጥ ከተተ።

ለልጁ ስለ እህቱ የነገረው ያን ጊዜ ነው። የዚያን ዕለት ፀጉሯን አዲስ ተሠርታ ስለነበር አሟት፣ ትራሱን በእጇ አቅፋ በግንባሯ ተደፍታ ተኝታ ነበር አለው። እኔም የሰማሁት የመጀመሪያዬ ነው። ባለጀልባው አማርኛ አይሰማም፤ ግን እንጨቱን ይዞ ዝም ብሎ ቆመልን።

እንዲህ ዓይነት ቦታ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ሲሄዱ ፓስፖርትና ቪዛ፣ ከመሳፈር በፊት ደግሞ ዋጋ ተነጋገሩ። የሚያንሳፍፍ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። ውሃው የሚሞላበትን ሰዓት ሳትጠይቁም አትግቡ፤ ከጎደለባችሁ ጀልባዋ ጭቃው ላይ ትቀመጣለች። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የጅቡቲ ሙቀት ደግሞ ለድሬ ሰው እንኳ አይቻልም።

ባለቤቴ ዳነ ብዬ አልዋሻችሁም። ደቻቱ ዛሬም ቀጠሮ አያውቅም። በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ ደንገጎ ላይ መብረቅ ሲል ጫማውን እንደ ልማዱ በር ላይ አደረገ። ልጁም ነቅቶ አጠገቡ ሄዶ ተቀመጠ። «አባዬ፣ አክስቴን ፀጉሯን ማን ሠራት?» አለው። «እናቴ» አለና ይነግረው ጀመር። እኔ ተኛሁ።