ካርቶኑ አንድ፣ ውስጡ ሌላ



አራታችን የምንጋራት አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ አለችን። የተሰረቀ ዊንዶውስ ለህሊናችን ከበደን፤ ለላፕቶፗ ደግሞ ይበልጥ ከበዳት (እውነቱን ለመናገር የወሰንነው በሁለተኛው ነው)። ኡቡንቱ ጫንን። ሁሉም ሠራ፤ ዋይፋዩ ብቻ እምቢ አለ። ቺፑን የሠራው ኩባንያ ኮዱን ስላልከፈተ ድራይቨሩ ከኢንተርኔት መውረድ አለበት። ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨር፣ ድራይቨር ለማግኘት ኢንተርኔት! ስልክ በዩኤስቢ ገመድ አገናኝተን ቴተሪንግ ስናበራ ሊኑክስ ወዲያው ተቀበለው፤ ግን ያወረድነው ድራይቨርም አልረጋ አለ። የመመረቂያ ፕሮጀክታችን በስልክ ካርድ ላይ ተንጠለጠለ።

በዩኤስቢ የሚሰካ ዋይፋይ ፍለጋ ከመቱ እስከ ጎሬና በደሌ ሱቆችን ጠየቅን። "ይሠራል" ይሉናል፤ ስለ ቺፑ ግን የሚያውቅ የለም። አይፈረድባቸውም፣ ካርቶኑ ላይም አልተጻፈም። እኛ የምንፈልገው የአቴሮስ 9271 ቺፕ ያለበትን ነበር፤ ድራይቨሩ ሊኑክስ ውስጥ አለ፣ ፍርምዌሩ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2013 በክፍት ኮድ ተለቋል። ቺፑ አለበት የተባለውን ሞዴል ከአዲስ አበባ የሚመጣ ወንድማችን ገዝቶልን መጣ። ሰካነው። ይያያዛል፣ ይቆረጣል፤ ይያያዛል፣ ይቆረጣል። ስናገላብጠው ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል "ቨርዥን 3" ይላል። ስሙ ሳይቀየር ቺፑ ተቀይሯል። መድረሳ እያለን ኡስታዛችን "ማን ነገረህ? እሱንስ ማን ነገረው?" እያሉ ያፋጥጡን ነበር፤ እኛ ካርቶኑን አምነን ዝም አልን።

ከዚያ ክርክሩ መጣ። አንዳችን "ለፍሬሽ ልጅ እንሽጠው፣ በዊንዶውስ ይሠራል፤ ምኑን ነው የምንናገረው?" አለ። ሌላችን "ገዢው ነገ ሊኑክስ ቢጭንስ? ዐይቡን መናገር የባለሱቅ ብቻ ነው እንዴ?" አለ። እስከ ዒሻ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ነግረን ሸጥነው፤ ነግረን በመሸጣችንም ዋጋው ወረደ። የጎደለውን ከምሳ ቆጥበን ሞላን።

የመጀመሪያውን ቨርዥን ያገኘነው ያገለገለ ሆኖ ከአንድ ተመራቂ ነው። ገንዘቡን ከመስጠታችን በፊት ላፕቶፗን ይዘን ሄድን፣ ሰካን፣ ተርሚናል ላይ የዩኤስቢ ዝርዝሩን አወጣን፦ 0ሲኤፍ3፡9271። ተመራቂው "አታምኑኝም?" ብሎ ሳቀ።

ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ፣ ኡቡንቱ ያለበት ፍላሽ ዶርማችን አለ። ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ላይ ሞክሩት፤ ብቻ መልሱልን።